የቤት ውኃ ማሞቂያ ቦይለርና የሚንጠባጠበው ቫልቮላ

በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ በርሜል ተሰቅሎ ይታያል። ሻጩም ገዥውም ቦይለር ይለዋል። ሲሞቅ እንታጠብበታለን፤ ሳይሞቅ ሲቀር እንቆጣዋለን፤ በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኛም የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሆነን ሳለ፣ ሙቀት ውኃን እንደሚያሰፋ በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፈን ሳለ፣ ይኸው ሕግ በየቤታችን ግድግዳ ላይ በየማለዳው እንደሚሠራ አላስተዋልንም ነበር። ለማስተዋል የበቃነው ከመካከላችን የአንዱ አክስት ቦይለራቸው እንቢ ብሏቸው ስላስጠሩን ነው።

ወይዘሮዋ የነገሩን እንዲህ ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ ዕቃ ቀድሞ ከሥሩ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ አስመጥቼ አሠራሁት፤ ማንጠባጠቡንም ተወ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀዝቃዛው ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ይሰጠኛል። አሁን ደግሞ ጭራሹን ሙቁም አይሞቅ።» የተናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ እኛ ግን የሰማነው የመጨረሻውን ብቻ ነበር። የበሽታው ታሪክ በሙሉ በእነዚያ በሦስቱ ውስጥ እንደ ነበረ የተረዳነው ዕቃውን ከፈታታነው በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድመን አሠራሩን እናስረዳ፤ ከዚያም ወደ እሳቸው ቤት እንመለሳለን።

ቦይለር በአሠራሩ ቀላል ነው። በውጭ የሚታየው ነጭ ቆርቆሮ ልብሱ ነው። ከልብሱ ሥር ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከለክል እንደ ስፖንጅ ያለ አረፋ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ዋናው የብረት ጋን ይገኛል። ጋኑ እንዳይዝግ በውስጥ በኩል በኢናሜል ተለብጧል፤ እንደ ጥንቱ የኢናሜል ሳሕን ማለት ነው። ቀዝቃዛው ውኃ ከሥር ይገባል። ሙቅ ውኃ እየቀለለ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሙቁ መውጫ ቧንቧ አፉ ከጋኑ ጣሪያ አጠገብ ነው። ከሥር በብሎን የተያዘ ክዳን አለ፤ በዚያም ክዳን ላይ ሬዚስታንሱ፣ ቴርሞስታቱና አንድ የማግኒዥየም ዘንግ ተተክለዋል። ሬዚስታንሱ እንጀራ በምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ለሚቀላው ሽቦ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው በብረት ቱቦ ተሸፍኖ ውኃ ውስጥ መስጠሙ ነው።

80 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ኃይሉ 1500 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ ይህን ለመፈጸም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ሊታጠቡ ሩብ ሰዓት ሲቀር አብርቶ «አይሞቅም» ማለት በቦይለሩ ላይ ግፍ ነው። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍልውኃ አጠገብ መሆኑን ስናስብ፣ መሬት በነጻ ያሞቀችውን ውኃ ትተን በቆጣሪ ማሞቃችን ያስገርማል፤ ነገር ግን ፍልውኃ በየሰፈሩ አይፈልቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ18 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይዘቱ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። በ80 ሊትር ጋን ውስጥ ጭማሪው አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ነው። ውኃ እንደ አየር ተጨምቆ ቦታ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ያ አንድ ሊትር ከሩብ ወደ አንድ ስፍራ መሄድ አለበት። መሄጃ ካጣ ጋኑን ይገፋል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርድ አገሮች የቤት ቦይለር ለመታጠቢያ ብቻ አያገለግልም። ውኃውን እያሞቀ በየክፍሉ ወደ ተተከሉት ራዲያተሮች ይልካል፤ ውኃውም ቤቱን አሙቆ፣ ራሱ ቀዝቅዞ ይመለስና እንደ ገና ይሞቃል። ያው ውኃ በዝግ መንገድ ስለሚዞር ጭማሪውን የሚቀበል ትንሽ ጋን በጎን ይገጥሙለታል። በትንሹ ጋን ውስጥ በላስቲክ የተጋረደ አየር አለ፤ ውኃው ሲሰፋ አየሩን ይጫነዋል፣ ሲቀዘቅዝ አየሩ መልሶ ይገፋዋል። በእኛ አገር በሚሰቀሉት ቦይለሮች ላይ ግን ይህ ትንሽ ጋን ብዙ ጊዜ አይገጠምም። በእርሱ ፈንታ በቀዝቃዛው ውኃ መግቢያ ላይ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጥ የናስ ዕቃ ይታሰራል። ሻጮች ሴፍቲ ቫልቭ ይሉታል፤ እኛ የመተንፈሻ ቫልቮላ እንለዋለን፤ ሥራው እርሱ ነውና።

ይህች ትንሽ ዕቃ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው፣ ውኃ ከመንገድ ቧንቧ ወደ ጋኑ እንዲገባ ትፈቅዳለች እንጂ ከጋኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ አትፈቅድም። ሁለተኛው፣ በጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ፣ ስፕሪንጓ ተጭኖ በጎኗ ባለው ቀዳዳ ጥቂት ውኃ ታወጣለች። ውኃው በሞቀ ቁጥር ያ አንድ ሊትር ከሩብ በጠብታ የሚወጣው በዚያ ቀዳዳ ነው። እንግዲህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ማንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም። ሲቀዘቅዝ ማንጠባጠቡ መቆም አለበት፤ ሳይሞቅም ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚያፈስስ ከሆነ ግን ወይ ቫልቮላው ቆሻሻ ይዞታል፣ ወይ የመንገዱ ቧንቧ ግፊት በዝቷል ማለት ነው።

ቀዳዳው ቢደፈንስ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በክፍት ድስት ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በታፈነ ጋን ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግፊቱ 8 ባር በደረሰበት ጋን ውስጥ ውኃ እስከ 170 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ሊሞቅ ይችላል። ጋኑ በዚያ ሰዓት ቢቀደድ ግፊቱ በአንድ አፍታ ይወድቃል፤ ከውኃውም ከሰባት እጅ አንዱ ያህል ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። በከተማችን የአየር ግፊት እንፋሎት ከውኃው ከ2000 እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ፣ 80 ሊትር ከያዘ ጋን ከ20 ሜትር ኩብ በላይ እንፋሎት ይወጣል። አንዲት ጠባብ የመታጠቢያ ክፍል የዚህን ግማሽ እንኳ አትይዝም። ይህ ፍንዳታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደዚህ ለመድረስ ብዙ ጠባቂዎች መውደቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ጠባቂ ቴርሞስታቱ ነው፤ ውኃው ከተፈለገው ሙቀት ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ሳያቋርጥ ቢቀር ከፍ ባለ ሙቀት የሚቆርጠውና በእጅ ካልተመለሰ የማይመለሰው መቁረጫ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ እንደ ትንሽ ቀይ ቁልፍ ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው የመተንፈሻው ቫልቮላ ነው። ሁለቱ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለ ሆኑ የመገናኛ ነጥቦቻቸው በብልጭታ ብዛት ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ኤሌክትሪክ አያውቅም፤ የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው። ስለዚህም የመጨረሻው ዘበኛ እርሱ ሆኗል።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ ቤት እንመለስ። ብሬከሩን አጥፍተን፣ ሽቦዎቹም ኤሌክትሪክ እንደሌለባቸው በቴስተር ካረጋገጥን በኋላ ከሥር ስንመለከት ያየነው ነገር አስደነገጠን። የመተንፈሻው ቀዳዳ በብሎን ተደፍኗል። ዙሪያውንም በነጭ የቧንቧ ቴፕ አሳምሮ ጠቅልሎታል፤ እጁ የሠለጠነ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የቧንቧ ሠራተኛው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ «ማንጠባጠቡን አስቁምልኝ» ተባለ፣ አስቆመ። እኛ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አልተቻኮልንም፤ ከጥቂት ሳምንት በፊት ብንጠራ እኛም ይኸንኑ እናደርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁላችንንም ያስጨነቀን ጥያቄ ቀዳዳው ከተደፈነ ያ አንድ ሊትር ከሩብ በየቀኑ ወዴት ሄደ የሚለው ነበር። ጋኑ አልተቀደደም፤ አላበጠም። መልሱን ያገኘነው ወይዘሮዋ «ቀዝቃዛው ቧንቧ ለብ ይላል» ያሉትን ስናስታውስ ነው። ቫልቮላውን ፈትተን ወደ ብርሃን ስናዞረው፣ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚከለክለው ክዳን ሥር አንድ ቁራጭ ነጭ ቴፕ ተሰክቶ አገኘን። ሠራተኛው ዕቃውን መልሶ ሲያስር ከጠቀለለው ቴፕ ተቀድዶ የገባ መሆን አለበት። ክዳኑ ስላልገጠመ የሰፋው ውኃ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይመለስ ነበር። አንዱ ስሕተት መውጫውን ዘጋ፤ ሌላው ስሕተት በጓሮ በር ከፈተ። ወይዘሮዋን ያተረፈቻቸው ከጥፍር የማትበልጥ የቴፕ ቁራጭ ናት።

ያችው ቁራጭ ግን ሬዚስታንሱን ገድላዋለች። አንድ ሬዚስታንስ በሕይወት መኖሩን ማወቅ አያስቸግርም። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ 220ን በራሱ አባዝተን ለ1500 ዋት ስናካፍል 32 ኦም ያህል እናገኛለን። ሽቦዎቹን ከሁለቱ ጫፎች ነቅለን የቴስተሩን ዘንጎች ብናስነካ 32 አካባቢ ማሳየት አለበት። የእኛ ቴስተር ምንም አላሳየም፤ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። ክዳኑን ከፍተን ስናወጣውም ቱቦው እንደ በሰለ በቆሎ ተሰንጥቆ ጠቁሮ ነበር። ይህ ያለ ውኃ የነደደ ሬዚስታንስ መልክ ነው።

ውኃው ወዴት ሄዶ ነው ያለ ውኃ የነደደው? በሰፈሩ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በጣሪያም ላይ ማጠራቀሚያ የለም። ውኃ በጠፋ ቀን ወይዘሮዋ «መጥቶ እንደ ሆነ» ብለው የመታጠቢያውን ሙቅ ቧንቧ ከፈቱ፤ በግቢውም ዝቅ ብሎ ያለው ቧንቧ ባልዲ ተደቅኖበት ክፍት ነበር። በላይ በሙቁ ቧንቧ አየር ገባ፤ በሥር የኋላው መንገድ ስላልተዘጋ የጋኑ ውኃ በግቢው ቧንቧ ወረደ። እሳቸውም «ያች ቀን ውኃው መጣ ብዬ ግማሽ ባልዲ ቀድቼ ወዲያው ቆመ፤ ደግሞ ለብ ያለ ነበር» ብለው አረጋገጡልን። የቀዱት የራሳቸውን ቦይለር ነበር። ብሬከሩ ስላልጠፋ ሬዚስታንሱ በባዶ ጋን ውስጥ ነደደ። ስለዚህ ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ውኃ ሲጠፋ ቦይለሩን ማጥፋት አለበት፤ ሲመለስም የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ አልቆ ውኃ ሳያቋርጥ እስኪወርድ ሳያይ ማብራት የለበትም።

ጥገናው ራሱ ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀ። ኤሌክትሪኩ እንደ ጠፋ ሆኖ፣ የመግቢያውን ሳራቺኔስካ ዘግተን፣ የሙቁን ቧንቧ አየር እንዲያስገባ ከፍተን የቀረውን ውኃ ከሥር አፈሰስን። በካቻቢቴና በብሎን መፍቻ ክዳኑን ፈታን፤ ከመፍታታችን በፊት ግን የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶግራፍ አነሣን። ይህን የማያደርግ ሰው ሲመልስ ይጸጸታል። የክዳኑ ላስቲክ አንዴ ከተነሣ በአዲስ መለወጥ አለበት፤ ብሎኖቹም በዙሪያ በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ አለዚያ በአንድ ወገን ያፈስሳል።

በጋኑ ሥር ያገኘነው ነጭ ጠጠር ሁለት እፍኝ ያህል ነበር። ይህ ጠጠር በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው የካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ጠጠሩ ይዘቅጣል። ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ በድንጋይ መካከል ስለሚያልፍ ከግድብ ውኃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ የሚደርሰው ቤት የገፈርሳ ወይም የለገዳዲ ግድብ ውኃ ከሚደርሰው ቤት ይልቅ ጋኑን ቶሎ ቶሎ ማየት ይኖርበታል። ድሬዳዋ ያደገ ጓደኛችን ግን በአዲስ አበባ ጠጠር ይስቃል፤ እዚያ ቧንቧው ራሱ በጠጠር ይጠብባልና።

ጠጠር የለበሰ ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለውኃው ማስረከብ ስለሚሳነው ራሱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቦይለሩም እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሳይበጠስ ይድረስለት። ሬዚስታንሱን አውጥቶ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ መዘፍዘፍ ይበቃል፤ በመዶሻ መምታት ግን ቱቦውን ይሰነጥቃል። ከአቼቶው ጋር በረኪና መቀላቀል ደግሞ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከማግኒዥየሙ ዘንግ የቀረው መካከለኛው ሽቦ ብቻ ነበር። ዘንጉ የተተከለው ለመበላት ነው። ሁለት ብረቶች በአንድ ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚሰጠው ቀድሞ ይበላል፤ ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ ለጋስ ስለ ሆነ ኢናሜሉ በተሰነጠቀበት ቦታ ብረቱን ተክቶ ይዝጋል። ሐምፍሪ ዴቪ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. የመርከብን የመዳብ ልብስ በዚንክና በብረት ቁራጭ ከመበላት ማዳን እንደሚቻል ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አስረድቷል። ከመካከላችን አንዱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ የዴቪን ስም የሚያውቀው በማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ብቻ ነበር፤ በአክስቱ መታጠቢያ ቤት አገኘዋለሁ ብሎ አላሰበም። ዘንጉን በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ማየትና ሽቦው ከታየ መለወጥ ጋኑን ያስረጅማል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሲረሳ ግን የሚያስለውጠው ጋኑን በሙሉ ነው።

ስለ ሙቀቱ ልክ ጥቂት እንበል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ቴርሞስታቱን ወደ 40 ዲግሪ የሚያወርዱ አሉ። ሌጂዮኔላ የምትባል ባክቴሪያ ግን ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ በደረሰው የሳንባ በሽታ የታወቀችው ይህች ናት። በ60 ዲግሪ ትሞታለች። በ60 ዲግሪ ውኃ ደግሞ ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ይቃጠላል። ስለዚህ ጋኑን 60 ላይ አድርጎ ሲታጠቡ ከቀዝቃዛው ጋር መቀላቀል፣ ሕፃን በሚታጠብበትም ጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት ይሻላል።

ከግፊቱ ሌላ አንድ ነገር ሲያሳስበን ቆየ፤ እርሱም የመሬት ሽቦው ነው። ሬዚስታንሱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ውኃውን ይነካል፤ ውኃው ደግሞ የሚታጠበውን ሰው ይነካል። የመሬት ሽቦ ካለ ኤሌክትሪኩ በዚያ ይወርዳል፤ 30 ሚሊ አምፔር በሚያህል ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ካለም ወዲያው ያጠፋል። በወይዘሮዋ ቤት ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከቦይለሩ ወጥቶ በግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ይህን ለመሥራት እኛ አልደፈርንም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ እሳቸው ውኃው ከሞቀ በኋላ ብሬከሩን ሳያጠፉ ወደ መታጠቢያው አይገቡም።

አዲስ ሬዚስታንስ፣ አዲስ ዘንግ፣ አዲስ ላስቲክና አዲስ ቫልቮላ ገጥመን፣ ጋኑን ሞልተን አበራነው። በቫልቮላውም ቀዳዳ ሥር ሊትር የሚለካ ማሰሮ አስቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንድ ጠብታ ወረደች፤ ሌላም ተከተለች። ወይዘሮዋ ከበሩ ቆመው አዩና «ይኸው! እንደ ገና ያንጠባጥባል! ታዲያ ምኑን ሠራችሁት?» አሉ። የወንድማቸው ልጅም «አክስቴ፣ የሠራነው እርሱን ነው» አላቸው። ቴርሞስታቱ ሲቆርጥ በማሰሮው ውስጥ የተጠራቀመው ከአንድ ሊትር ጥቂት ያለፈ ነበር፤ በወረቀት ላይ ካገኘነው ብዙም አልራቀም። ጠብታውም ቆመ። ወይዘሮዋ ማሰሮውን አንሥተው ውኃውን በደጃፉ ላለው ጤና አዳም አፈሰሱት፤ በማሰሮው ፈንታም ከቀዳዳው ዝቅ አድርገው ጣሳ አስቀመጡ።